የሰባራ እግር ግብር

እኛ አገር የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ማንም ያውቃል። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጉንጩ ከጥርሱ ተጣብቆ ቢያገኘውም፣ ጠያቂው ገና ከበሩ «አሁንማ ድነሃል እኮ፣ ፊትህ እንዴት ወዝቷል» ይላል። ታማሚውም በቀረችው ትንፋሽ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ የባሰ አያምጣ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ከግቢው ከወጣ በኋላ ከጎረቤት ጋር ስለ ቀብሩ ይነጋገር ይሆናል፤ ፊት ለፊት ግን አይባልም። ክፉ ነገር በስሙ ከጠሩት አቤት ብሎ ይመጣል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወጉ ጥሩ ወግ ነው፣ እኔም እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። በጣሊያን ጊዜ ግን የሽመና ዕቃዬን ሊያስወስድብኝ ትንሽ ነበር የቀረው፤ የማወጋው ያንን ነው።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ ባና እሠራ ነበር። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የቀመሰ ሰው ባና ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ከበግ ፀጉር የተሠራውን ያን ወፍራም ልብስ ደርቦ ካልተኛ ጠዋት አይነሳም። ሸማኔ ይንቁ የነበሩ ሰዎች እንኳ ንቀታቸውን የሚናገሩት ባናችንን ተከናንበው ነበር። ሥራውን ያላየ ሰው የእጅ ሥራ ይመስለዋል። ግማሹ የእግር ነው። ጉድጓድ አፍ ላይ ትቀመጣለህ፣ እግሮችህን ወደ ታች ትለቃለህ፣ ሁለቱን መርገጫዎች በየተራ ትረግጣለህ። አንዱን ስትረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ያልፋል፣ ማጉን ትመታለህ፤ ደግሞ ሌላውን ትረግጣለህ። እግር የሌለው ባና ሠሪ ምላስ እንደሌለው ጠበቃ ነው።

የእኔ እግር የተሰበረው በገዛ ብልኃቴ ነው። ጣሊያን ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ ያሠራ ስለነበር ካሚዮን የሚባሉት የጭነት መኪኖች በደጃችን ይመላለሱ ነበር። ከጫጫ ገበያ ባና ሸጬ ስመለስ አንዱ ሾፌር አዝኖልኝ ከኋላ አሳፈረኝ። ካሚዮን ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሰፈሬ ስንደርስ መውረድ ፈለግኩ። በቅሎ ላይ ያለ ሰው መውረድ ሲፈልግ በቅሎይቱን አያስፈቅድም፤ እግሩን አዙሮ ይወርዳል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ካሚዮኑ ግን አልቆመም ነበር። በኋላ ሰው ሁሉ «ለምን አቁም አላልከውም» እያለ አናደደኝ። በነፃ የጫነኝን ሰው ደግሞ ቁም ብዬ ላዘው ኖሯል?

ሚስቴ ጥፋቱን በካሚዮኑም በእኔም አላመካኘችም። ከመውደቄ በፊት በነበረው ሰሞን ጠላ ቤት ተቀምጬ «ለጣሊያን ግብር ከምከፍል እግሬ ይሰበር» ብዬ ነበር። ይህን ሰምታ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስለ እግሬ ክፉ ቃል እንዳይወጣ አወጀች። «ያመኛል» ማለት ተከለከለ። ሲጠዘጥዘኝ «ተመስገን» እላለሁ፤ ሲብስብኝ ጮክ ብዬ «ተመስገን» እላለሁ። ጎረቤቶቻችን ልመንኩስ የተነሳሁ መስሏቸው ነበር።

ወጌሻ ከአንኮበር ተጠራ። ዝነኛ ሰው ነበር፤ ዝናውን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ግን እሱ ራሱ ነው። አጥንቱን ጎትቶ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በመቃ አሰረና «ከድሮው የበለጠች ትሆናለች» አለ። መቃው ሲፈታ ቀኝ እግሬ ከጉልበቷ በታች እንደ ሞፈር ጎብጣ ወጣች። ቁርጭምጭሚቷ ወዲህም ወዲያም አይልም። ወጌሻው ከፊትም ከኋላም ተመለከታትና «አየህ አይደል፣ ጠንክራለች» አለ። መጠንከሩንስ ጠንክራለች። ሚስቴ «ትለሰልሳለች» አለች። ጎረቤቱም፣ የንስሐ አባቴም፣ የባና ሠሪ ማኅበራችንም ሰዎች «ትለሰልሳለች» አሉ። እኔም እስክትለሰልስ ልጠብቅ ተቀመጥኩ።

ሥራ ብፈታም ጦም አላደርኩም። ባና ሠሪዎቹ የሚካኤል ማኅበር ነበረን፤ በየወሩ ጽዋ እንጠጣለን። የማኅበሩ ሕግ እንዲህ ነው፦ አንዱን አባል ከሥራ የሚያውለው ነገር ሲያገኘው ሌሎቹ በየተራ መጥተው በሱ ጉድጓድ ተቀምጠው፣ የሱን ድር ይሠሩለታል። የባናው ዋጋ ለታማሚው ነው። ብድር ነው አይባልም፣ መልስ አይባልም። ነገ ሌላው ሲወድቅ እኔ እሄድለታለሁ። ሕጉ በመጨረሻው ላይ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል፤ ተረኛው ምሳውን ከታማሚው ቤት ይበላል።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያወጣት ሰው ባና ሠሪ ሲበላ አይቶ አያውቅም። የበግ ፀጉር ሲመታ የዋለ ሰው የሚጠግብበት ወሰን የለውም። አንዱ ጠዋት መጥቶ ትንሽ ከረገጠ በኋላ ጉሮሮው ላይ የፀጉር ብናኝ እንደገባበት ይናገራል፤ ብናኙን የሚያወርደው ጠላ ብቻ ነው። ሌላው ባቄላ በእሳት ሲቆላ ከሸተተው እጁ አይሠራም። የእግዜርን እውነት ለመናገር፣ ያን ሰሞን ከባናው ካገኘነው የሚበልጠውን እነሱው በልተውታል። ይሁን እንጂ እነሱ ሲበሉ እኛም አብረን በላን፤ ቤታችንም ሰው አልራቀውም።

ባናው ግን ጉድ ሆነ። አንዱ ሲመታ ድንጋይ የሚፈልጥ ይመስላል፣ ሌላው ሲመታ ልጅ የሚያስተኛ ይመስላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የዚያ ሁሉ ሰው እጅ የገባበት ባና ግን አንበሳ ማሰሩ ቀርቶ አልጋ መሸፈን አቃተው፤ ራስጌው ሰፊ፣ ወገቡ ጠባብ፣ ግርጌው እንደገና ሰፊ ሆኖ ይወጣል። ተረኞቹ ሲጨርሱ «እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ «እጃችሁን ይባርከው፣ ግሩም ነው» እላለሁ። እነሱም እግሬን አይተው «ግሩም ነው» ይላሉ። እንዲህ ስንተጋገዝ ከረምን።

ይህን የማያደርጉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የማኅበሩ ሙሴ። ሙሴ የምንላቸው ማኅበሩን የሚመሩትን ሽማግሌ ነው። በሽመና ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ አፋቸው ግን እሬት ነው። ሲያመሰግኑ የሰማቸው የለም። ተራቸው ሲደርስ ይመጡና የትናንቱን ተረኛ ሥራ በጥፍራቸው ቧጠጥ አድርገው «ይህን የሠራው ዕውር ነው ወይስ ሰካራም?» ይላሉ። እኔንም አንድ ቀን «ድነሃል» ብለውኝ አያውቁም። እግሬን ያያሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ሠርተው ይሄዳሉ። ሚስቴ በዚህ የተነሳ አትወዳቸውም ነበር፤ ምሳቸውን ግን አታጎድልባቸውም።

እንግዲህ ጣሊያን ዕቃ ዘርግቶ የሚሠራ ሁሉ ግብር እንዲከፍል አዝዞ ነበር። የግብር ሹሙ ቀጭን ሰው ነው፣ ብርዳችን ሊገድለው ደርሷል። ከማዕረግ ልብሱ ላይ ባና ይከናነባል፤ ከላይ ቆቡ፣ ከታች ጫማው ባይታይ ኖሮ የመዘዞ ገበሬ ይመስል ነበር። አስተርጓሚው የአንኮበር ልጅ ነው፣ ከቄስ ቤት የወጣ። ሁለት ጌታ እንዳለው ሰው ሁልጊዜ ይጨነቃል፤ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያቀብላል።

እነዚህ ሁለቱ በደጄ ሲያልፉ የሽመናውን ድምፅ ሰሙና ገቡ። አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል፤ እኔ መደብ ላይ ተቀምጫለሁ። በማግስቱ ሲመለሱ ሌላ ሰው ይሠራል፤ እኔ እዚያው መደብ ላይ ነኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ደግሞ ሌላ። ሹሙ ራሱን ነቅንቆ ብዙ ተናገረ።

አስተርጓሚው «ሠራተኞችህ ብዙ ናቸው ይላሉ» አለኝ። «አንተ ቁጭ ብለህ ታሠራለህ። ትልቅ ነጋዴ ነህና የትልቅ ነጋዴ ግብር ትከፍላለህ። ካልከፈልክ ዕቃው ይወሰዳል።»

በዕድሜዬ ትልቅ ነጋዴ የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዕቃው ይወሰዳል የሚለው ባይከተል ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። የማኅበሩን ሕግ አስረዳሁ፤ ሰዎቹ ሠራተኞቼ እንዳልሆኑ፣ ደመወዝ እንደሌላቸው፣ እንዲያውም እኔ እንደምፈራቸው ነገርኩት። ሹሙ ባናውን ሰብሰብ አድርጎ አሰበና መለሰ።

«አካሉ ለሥራ የማይበቃ ሰው በዚያው ምክንያት ከወገኖቹ የሚያገኘው እርዳታ ትርፍ አይባልም፣ ግብርም የለበትም ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «ነገር ግን ሥራ አለመቻልህን ቢሮ ቀርበህ በራስህ ቃልና በምስክር አረጋግጥ።»

እውነት ለመናገር ከጣሊያን አፍ እንዲህ ያለ የተስተካከለ ፍርድ አልጠበቅኩም ነበር። ከሚስቴ ጋር ተያይተን እፎይ አልን። እግሬ ሰባራ ናት፤ ያም ሁሉም የሚያየው ነው። ምን ይቸግረናል አልን።

በቀጠሮው ቀን በቅሎ ተውሼ፣ በትር ይዤ፣ ከሚስቴ ጋር ቢሮ ገባሁ። ሹሙ ጨዋ ነበር፤ ወንበር አሳየኝና መጀመሪያ እንዴት ነህ ብሎ ጠየቀኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

አስተርጓሚው አቀበለው። የሹሙ ቅንድብ ተነሳ። «እግርህስ?»

«ተመስገን፣ እሷም ደህና ናት።»

«ያምሃል ወይ?»

ሚስቴን አየኋት። እሷም እኔን እያየችኝ ነው፤ ከንፈሯን ነክሳለች። «ኧረ ምን ሆንኩና» አልኩ።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ግብሩ እንዲቀርልኝ ነው።»

ሚስቴ ነገሩ እንደተበላሸ ገባትና ልትረዳኝ ተነሳች። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው እኮ እግሩን በጣም...» ብላ ጀመረች፤ ቃሉ ከጉሮሮዋ አልወጣ አለ፤ ዋጠችውና «በጣም እየተሻለው ነው» ብላ ጨረሰች። ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ከሚቀጥለው ገበያ በኋላ ምስክር ይዤ እንድቀርብ፣ አለዚያ ዕቃዬን እንደሚያነሱ ተነገረኝ።

ስንወጣ አስተርጓሚው ተከትሎን መጣ። «አንተ ሰው፣ ለአንድ ቀን እንኳ ብትታመም ምን አለበት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተስ የአገር ልጅ አይደለህም?» አልኩት ተናድጄ። «ደህና ነኝ ያልኩት ደህና ሆኜ እንዳልሆነ አታውቅም?»

«አውቃለሁ፤ ግን ይህ ሰው ደህና ነኝ ሲል አይደለም ማለቱ ነው ብዬ ባስረዳቸው፣ ከነገ ወዲያ ማንኛችንን ያምናሉ?» አለና ተመለሰ።

የማኅበሩ ሰዎች እቤቴ ተሰበሰቡ። ሙሴው የሉም፤ ፀጉር ሊገዙ መዘዞ ሄደዋል። ያለ እሳቸው ምስክርነቱን እንለማመድ ተባለ። አንዱ የኔን ባና ተከናንቦ ሹም ሆነና ሌላውን «የዚህ ሰው እግር እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እግሩማ... እግዜር ይማረው እንጂ...»

«መማሩን ተወውና ታሟል በል።»

«አንተ በለዋ።»

«እኔማ ሹም ነኝ።»

ሌላው ተነሳ። ክፉው ቃል እንዳይደርስብኝ መጀመሪያ ወደ መሬት እንትፍ እንትፍ አለ፣ አማተበ፣ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ትንሽ... ያነክስ... ነበር» አለ። ከዚህ የባሰ ቃል ከማንም አልወጣም። በመጨረሻ አንዱ ብልኅ ዘዴ አመጣ፦ «ስንመሰክር የሱን እግር አናስብ። የሹሙን እግር እናስብ።»

ያን ጊዜ አፍ ተከፈተ። «እግሩ ነቅዟል» አለ አንዱ። «አጥንቱ ደቅቋል» አለ ሌላው። «ኧረ ዕድሜ ልኩን አይረግጥባትም!» ፊታቸው በራ፤ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ አሳመረው። እኔም ሞቅ ብሎኝ «ጨምሩበት» ማለት ጀምሬ ነበር። ሚስቴ ጠላ ይዛ ስትገባ የሰማችው «በስብሶ ይወድቃል» የሚለውን ነው። ጠላውን መልሳ ወሰደችው። «በባሌ ላይ ሟርት በቤቴ አይነገርም» ብላ ሁሉንም አስወጣቻቸው፤ እኔንም ልታስወጣኝ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

የምስክርነቱ ቀን ደረሰ። መጀመሪያ ያቀረብነው ባናዬን እየገዛ ወደ ቆላ የሚያወርደውን የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ከማኅበራችን አይደለም፣ ሃይማኖቱም ሌላ ነው፤ ቃሉ ይታመናል ብለን ነበር። እውነቱን ብቻ እንደሚናገር ማለ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ፊቴን አየ። «አልሐምዱሊላህ፣ ኸይር ነው» አለ። «ባለፈው ካየሁት በጣም ተሽሎታል። አላህ ጨርሶ ያሽረው።» የዋህነቱ አሳዘነኝ፤ እኔም ብሆን ለሱ ይህንኑ ነበር የምለው።

ቀጥሎ ወጌሻው ቀረበ። እሱን የጠራነው ስብራቱን እንዲናገር ነው። «ተሰብራ ነበር» አለ ደረቱን ነፍቶ፤ «እኔ የነካሁት አጥንት ግን ከተፈጥሮው ይበልጣል። ካላመኑ ይራመድላቸው።»

ሹሙ ተራመድ አለኝ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ዛሬም ድረስ አላውቀውም፤ ማለቴ ለምን እንደሠራሁት። ወጌሻው እያየኝ ነው፤ ከአንኮበር ድረስ በእግሩ መጥቷል፤ በሰው ፊት ላዋርደው አልሆነልኝም። በትሬን ለሚስቴ ሰጠሁና ጥርሴን ነክሼ፣ ወገቤን አቅንቼ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተራመድኩ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። የማኅበሩ ሰዎች ከኋላ ሆነው በአንድ ድምፅ «ጎሽ!» አሉ። ወጌሻው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

የቀረው የማኅበሩ ሰው ነው፤ ያ ብልኁ። ተነስቶ የሹሙን እግር ለማሰብ ወደ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰ። ሹሙ ምን ይሆን የሚፈልገው ብሎ እሱም አጎነበሰ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሰውየው ቀና አለና «ደህና ነው፤ ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ሹሙ ብዕሩን አነሳ። ሁለት አስካሪ ወታደሮች ጠርቶ ዕቃውን ከቤቴ እንዲያመጡ ማዘዙን ከእጁ ምልክት አወቅኩ። ሚስቴ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ያ ዕቃ ከአባቴ የመጣ ነው፤ ከእሱ ሌላ ምንም አልነበረንም። ዕቃው ከሄደ የማኅበሩ ተራም ያበቃል፣ ምሳውም ያበቃል፣ እኔም በትር ይዤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መቀመጤ ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አየሁት፤ አፌ ግን ተሳስሯል።

በዚህ መካከል ሙሴው ገቡ። ከመዘዞ በቀጥታ መምጣታቸው ነው፣ አቧራ ለብሰዋል። የተባለውን ከበሩ ሆነው ሰምተዋል። ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ፊት ወጡ።

«ይህ ሰው ከእንግዲህ በዚያች እግር መርገጫ አይረግጥም» አሉ። «እግሯ ሞታለች። መቃው የተፈታ ቀን ሳያት ሞታ ነበር። እሱም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች፣ እነዚህ ሁሉ ያውቃሉ። ወጌሻውም ያውቃል።»

አስተርጓሚው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ተርጉም» አሉት።

ተረጎመ። ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

የማኅበሩን ሰዎች አየኋቸው፤ ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ። ሚስቴን አየኋት፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባለች። «አልችልም» አልኩ። አጭር ቃል ናት፣ ግን በሕይወቴ ብያት አላውቅም ነበር። ከካሚዮኑ ስወድቅ እንደዚያ አላመመኝም።

ሹሙ አንድ ወረቀት ላይ ማኅተም መታ። ግብሩ ተነሳልኝ፣ ዕቃው ቀረልኝ። እንኳን ደስ ያለህ ያለኝ ግን የለም። ወጌሻው ሳይሰናበት ወጣ። የማኅበሩ ሰዎች መንገድ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሟርተኛ ሽማግሌ» እያሉ ሄዱ። እኔም ሙሴውን ጠላኋቸው፤ አልደብቅም። ዕቃዬን ያዳኑልኝ እሳቸው መሆናቸውን እያወቅኩ፣ ቤቴ እስክደርስ በልቤ ስሰድባቸው ነበር።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሚስቴ እሳቱን ስትቆሰቁስ ቆየች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«መቃው የተፈታ ቀን» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አንዳችን ለአንዳችን ስንጠነቀቅ፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ለየብቻችን ስናዝን ኖረናል። ስንጨርስ ራበንና በላን።

በማግስቱ ጠዋት ሙሴው መጡ። ተራቸው አልነበረም። ጠፍር፣ እንጨትና ዶማ ይዘዋል። ሚስቴ በሩ ላይ ቆመች። «ደግሞ ምን ሊሉን መጡ?» አለቻቸው።

«ምንም። ገለል በይ ልጄ፣ ሥራ አለኝ።»

ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። የቀኙን መርገጫ ፈቱና ወደ ግራው አስጠግተው እንደገና አሰሩት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። ከዚያ የጉድጓዱን የቀኝ ግድግዳ በዶማ እየቆፈሩ ለደረቀችው እግሬ ቀጥ ብላ የምትጋደምበት ቦታ አወጡ። እኔ መደብ ላይ ሆኜ ኩርፊያዬን አልለቀቅኩም።

«ሙሴ፣ ትናንት የተናገሩት አነሰና ነው?» አልኳቸው።

«አዎ አነሰ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ያቺን እግር ስትጠብቅ ግራህን ረሳሃት። የሞተ ተቀብሮ የቀረው ይሠራል። ና ውረድ።»

ወረድኩ። ቀኝ እግሬን በተቆፈረላት ቦታ አጋደምኳት። በግራዬ አንዱን ረገጥኩ፣ ድሩ ተከፈተ፣ መወርወሪያውን አሳለፍኩ፣ መታሁ። እግሬን አንስቼ ወደ ሌላው አዛወርኩ፤ ስቼ ባዶ ረገጥኩ፤ እንደገና ረገጥኩ። ወገቤ ተንቀጠቀጠ፣ እጄ መንገዱ ጠፋበት። ሙሴው ከአጠገቤ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ምሳ ሲደርስ የሠራኋት ከመዳፍ ብዙ አትበልጥም ነበር።

የዚያን ቀን ተረኛ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገባና ጉድጓድ ውስጥ ሲያየኝ ደነገጠ። ሥራውን ጎንበስ ብለው አዩት። «ግሩም ነው» አለ አንዱ። «ከድሮው ይበልጣል» አለ ሌላው። ተረኛው ግን ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ተው፣ ግብሩ የተነሳልህ ካልሠራህ ነው፤ ድምፁን ከሰሙ ይመለሱብሃል» አለኝ።

«ይስሙ» አልኩት። «መጥተው ግብር ከፋይ ብለው ይጻፉኝ።»

ሙሴው ቆሏቸውን አራግፈው ተነሱ። ባናውን በጥፍራቸው ቧጠጡ፣ ዳሩን ወደ ብርሃን ስበው አዩ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይህ ባና አይደለም» አሉኝ። «ማጉ ልል ነው። ዳሩም ጠማማ ነው። ፍታው።»

ሚስቴ ከእልፍኙ ልትቆጣ ብቅ አለች፤ ፊቴን አይታ ተመለሰች። ከወደቅኩ ጀምሮ የሠራሁትም ያልሠራሁትም ግሩም ነው ሲባል ነው የኖርኩት። ታማሚን ሥራህ ጠማማ ነው የሚለው የለም፤ እንዲህ የሚባለው ባና ሠሪ ነው። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፈታሁትና እንደገና ጀመርኩ።